ወራጅ አለ

ከመናኸሪያ ወጣን ጠዋት ሁለት ሰዓት፣
በአሥራ ሁለት ወንበር አሥራ ስምንት ሕይወት።
ጉልበቴ ላይ ፖስታ፣ ፖስታው ውስጥ ውል ገብቶ፣
ከግርጌው አንድ መስመር ለስሜ አፉን ከፍቶ።
ጦሳ ከኋላችን፣ ጢጣን ሳናልፍ ገና፣
የቤት ዋጋ ነገር ተነሣ እንደገና።

«አይወርድም!» አለ ሙህዲን፣ ደላላው፣ ከጋቢና ዞሮ፣
«ሰው እንጂ መሬት አይወልድ፣ አምናም ሆነ ዘንድሮ።
ገራዶ በአንድ የሸጥሁት ይኸው በሁለት ሄደ፤
የጠበቀ ቀለለ፣ የተበደረ ከበደ።»
ይህን ብሎ ሳቀ።
«ከበደ» ያለውን እኔ በሌላ ጆሮ ሰማሁት።

«ይወርዳል» አሉ ጋሽ አመዴ፣ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ፣
«የወጣ መውረዱ አይቀርም፤ ይኸው በሐረጎ እኛ።
ደግሞም ሲወርድ አይቻለሁ። በዚያ በሽሽት ሳምንት፣
ቆርቆሮው ገና ያልዛገ፣ ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣
ባለቤቱ በአህያ ዋጋ ቢለምን ሰሚ አጣ፤
ያን ሳምንት የቤት ሳይሆን የአህያ ዋጋ ነው የወጣ።»

ሚኒባሱ ዝም አለ።
ሞተሩ ብቻ ቀጠለ።

ለካ ዋጋ የሚወርደው ሰው ሲሄድ ነው፣ ሰው ሲያልቅ!
እንግዲህ «ይውረድ» ስል ከአላህ ምን ልጠይቅ?

ዘቢባ ከኋላ፣ ትሪ ሙሉ እንቁላል በጭኗ አቅፋ፣
ኩርባ በመጣ ቁጥር ትንፋሿን ይዛ፣ ኩርባ ሲያልፍ ተርፋ፣
«እናንተ ለዋጋ ተሟገቱ፣ እኔ ለአከራዬ፤
በስድስት ዓመት ሰባት ቤት፣ ከነልጄ ከነዕቃዬ።
ሲወጣ ኪራይ ይሰማል፣ ሲወርድ ኪራይ ደንቆሮ ነው፤
ይውጣ ይውረድ ትላላችሁ፣ እኔን ማን ነው የሚያስገባው?»
«ተበደሪያ!» አለ ሙህዲን።
«በምን ዋስትና? በዚህ?» ብላ እንቁላሉን አሳየችው።
መኪናው በሳቅ ተናጋ። እሷ አልሳቀችም።

ደላላው ፖስታዬን አየ። አልጠየቀኝም፤ ጠቀሰኝ።

ሌሊቱን አስልቼው ነበር፤ ደብተሬ ላይ አለ፣
የሃያ ዓመቱ ወለድ ከዋናው በልጦ አየለ።
ወለድ! የማን ልጅ ነው? እኔ መች ወለድሁት?
ከልጆቼ አፍ ነጥቄ በየወሩ የማጎርሰው፣
አድጎ እኔን የማይጦረኝ፣ አድጎ እኔኑ የሚወርሰው።
(ወለድ አልባ መስኮት አለ፤ ተራው ግን ለልጅ ልጅህ ነው አሉኝ።)
ዋሱ ሆጤ ያለው ቤት ነው፣ የአማቴ የወይዘሮ የተመኝ።
«ባንክ የሚሉትን አላውቅም» አለች አውራ ጣቷን ነክራ፣
«አንተን አውቅሃለሁ» ብላ፣ አማትባ፣ አተመች አደራ።

ቢወርድ፣ በውድ የገዛሁት ግድግዳ ይረክሳል፣
ዕዳው ግን በነበረበት፣ በሙሉ ቁመቱ ይነግሣል።
ባይወርድ፣ ታናሼ እንድሪስ በምን ጣራ ያገባል?
ለእኔ ያደረግሁት ዱዓ ለእሱ እርግማን ሆኖ ይገባል።
«ዕዳ ከሜዳ» ይላል ሰው፤ እዚህ ግን ሜዳም የለ፣
ከገደል ወደ ገደል ነው መንገዱ የተንጠለጠለ።

ጋሽ አመዴ ወደ ጆሮዬ፦ «ቤቴን ስሠራ» አሉ፣ «ልጄ፣
ወራጁን የቆረጥሁት እኔ፣ ማገሩን ያሠርሁት በእጄ፤
ስንት ያወጣል አላልሁም። ስንት ዝናብ ይችላል ነው ያልሁ።»
መልስ አልነበረኝም። ያ ዘመን ሌላ ነው ብዬ ዝም አልሁ።

ኮምቦልቻ ገባን። ሙቀቱ በመስኮት ፊታችንን ዳበሰ፤
«ባንኩ ጋ ወራጅ አለ?» ሾፌሩም ፍጥነት ቀነሰ።
ዘቢባ እንቁላሏን ቆጠረች፤ ከሠላሳው አንዱ ተሰንጥቋል፣
ሙህዲን ዞሮ ያየኛል፣ የጋሽ አመዴ ዓይን ተከድኗል።
«አለ» ከምላሴ ጫፍ፣ «የለም» ከጉሮሮዬ፣
ከመዳፌ ጋር በላብ ተጣብቋል ፖስታዬ።

«ወራጅ አለ ወይስ የለም?» ረዳቱ ጮኸ ተቆጥቶ፤
መኪና ሙሉ ሰው ከደሴ የመጣው ይህንኑ ተሟግቶ።